አባቴ በመስኮት በኩል የጻፉልኝ ልብ ወለድ

ልጄን ያረገዝኩት ሞጣ ነው። ልብ ወለዱንም የጀመርኩት እዚያው፣ በዚያው ሰሞን ነው። የትኛው እንደቀደመ ባለቤቴና እኔ እስካሁን አልተስማማንም።

ሞጣ ላይ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ባለቤቴ የእንስሳት ሐኪም ነው፤ የሳምንቱን ግማሽ ገጠር ለገጠር ሲዞር ይውላል። ከዚያ በፊት አጫጭር ታሪኮች እጽፍ ነበር፤ ሁለት ሦስቱ መጽሔት ላይ ወጥተውልኛል። ረጅም ልብ ወለድ ግን ጀምሬ እንጂ ጨርሼ አላውቅም። ሦስት ጊዜ ጀምሬ፣ ሦስቴም መሐል ላይ ስደርስ የፈጠርኳቸው ሰዎች ሰልችተውኝ ትቻቸዋለሁ።

እርግዝናው ሲጀምረኝ ነገር ሁሉ ሸተተኝ። የእስክሪብቶ ቀለም ሳይቀር ስለሚረብሸኝ የተማሪዎቼን ደብተር በእርሳስ ነበር የማርመው። ያማረኝ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ የጌሾ ሽታ። ልብላው ልጠጣው አላልኩም፤ ማሽተት ብቻ። ለባለቤቴ ስነግረው አየኝና፣

"እስካሁን ስንት ላም አዋልጃለሁ፤ እንዲህ ያለ አምሮት ያመጣችብኝ የለችም" አለ።

በገበያ ቀን እየወጣሁ ጌሾ ተራ መቀመጥ ጀመርኩ። አንዲት በእኔ ዕድሜ ያለች ሻጭ በርጩማዋን ትለቅልኝና ራሷ ጆንያ ላይ ትቀመጣለች። ለምን እንደምመጣ አንድም ቀን አልጠየቀችኝም። እሷ ከገዢ ጋር ስትከራከር፣ ስትስቅ፣ ቅጠሉን በመዳፏ ስትፈትን እያየሁ እውላለሁ። የሕይወት ታሪኳን አላውቅም፤ ልጠይቃትም አልፈለግሁም። እጇንና አነጋገሯን ብቻ ይዤ ቤቴ ገባሁና ሌላ ሕይወት ፈጠርኩላት። ባሏ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዶ የቀረባት፣ እርጉዝ የሆነች ጌሾ ሻጭ።

ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት በእርሳስ እጽፍ ነበር። ሆዴ እየገፋ ሲመጣ ከጠረጴዛው እየራቅሁ ሄድኩ፤ በመጨረሻ ደብተሩን ሆዴ ላይ አስደግፌ መጻፍ ያዝኩ። ልጄ አንዳንዴ ስትራገጥ ደብተሩ ይነቃነቃል። ባለቤቴ ይህን ሲያይ "ከአሁኑ እያረመችሽ ነው" ይለኛል። እንደዚያ ሰሞን ጽፌ አላውቅም። ስምንተኛ ወሬን ስይዝ ዘጠኝ ምዕራፍ ደርሼ ነበር። መጨረሻውንም ከመጀመሪያው አውቀው ነበር። ሴትዮዋ በወሊድ ትሞታለች፤ ባሏ የሚመለሰው በለቅሶው ቀን ነው። ያንን ምዕራፍ አስቀድሜ በአንድ ሉህ ወረቀት ጽፌ፣ ጽፌም አልቅሼ፣ ማልቀሴ ራሱ አኩርቶኝ አጥፌ አስቀምጬው ነበር።

ለመውለድ ወደ ቢቸና ሄድኩ። እናቴ በስልክ "የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለድ" ብላ ነገሩን ጨርሳዋለች። ባለቤቴ የሕፃን ልብሱንና ደብተሮቼን በአንድ ሻንጣ አድርጎ አደረሰኝ። ደብረ ወርቅ ላይ መኪናው ሲቆም ወርጄ ወገቤን አፍታታሁ፤ እዚያው ቆሜ ቀሪዎቹን አራት ምዕራፎች ከመውለዴ በፊት እንደምጨርሳቸው ነገርኩት። "እሺ" አለኝ፤ እንዳላመነኝ ግን ያስታውቅ ነበር።

አልጨረስኩም። እናቴ ቤት በገባሁ በአምስተኛው ቀን ምጥ መጣ። ሆስፒታል ወሰዱኝ፤ ጠዋት ገብቼ ከሰዓት በኋላ ሴት ልጅ ወለድኩ።

አባቴ ቄስ ናቸው፤ ቅኔም ያስተምራሉ። እኔ ያደግሁት ተማሪዎቻቸው ሲዘርፉ፣ እሳቸው ሲያርሙ እየሰማሁ ነው። እኔ የምጽፈውን ግን እሳቸው አንብበውት አያውቁም። ስለ እኔ ሲጠየቁ "ታስተምራለች፤ ተረትም ትጽፋለች" ይላሉ። ለማቃለል አልነበረም፤ ሌላ ስም ስላላገኙለት ነው።

የሚቀድስ ካህን ልጁ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ አራስ ቤት አይገባም፤ ከዚያ ቤት የተሠራ ምግብም አይቀምስም። ወንድ ከሆነ አርባ ቀን፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ ቀን። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። በእኔና በአባቴ መካከል ይቆማል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። ከሆስፒታል ስመለስ አባቴ መጻሕፍታቸውንና አጎዛቸውን ይዘው ግቢ ውስጥ ወዳለችው ትንሽ ክፍል ገብተው አገኘኋቸው። ምግባቸው ከጎረቤት ይመጣላቸዋል። የልጅ ልጃቸውን ያዩት በመስኮት ነው። እናቴ ከፍ አድርጋ ስታሳያቸው ጥምጣማቸው የመስኮቱን እንጨት እስኪነካ ድረስ ጎንበስ አሉ።

"እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ልጄ" አሉኝ፤ ዓይናቸውን ግን ከሕፃኗ ላይ አላነሡም። "ይህች ልጅ ግንባሯ የመምህር ነው።"

"ልጅቷን አይተው ሳይጨርሱ ተማሪ ሊሰበስቡላት ነው እንዴ?" አለች እናቴ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት እንዴት እንዳለፉ በደንብ አላስታውስም። ገንፎ፣ አጥሚት፣ ጠያቂ፣ እንቅልፍ። ልጄን እያየሁ የምውልበት ሰዓት ብዙ ነበር። ጆሮዋን፣ ጥፍሯን፣ ስትተኛ የምታሳየውን ያንን የተኮሳተረ ፊት አይቼ አልጠግብም ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት ጡት እየጠባች ሳለ ጌሾ ሻጯ ትዝ አለችኝ። አሥረኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ፣ ገበያ መሐል እንደቆመች ትቻት ነው የመጣሁት። ደብተሬን እንድታቀብለኝ እናቴን ጠየቅኋት።

"አራስ አትጽፍም" አለች። "ዓይንሽ ይደክምና ዕድሜ ልክሽን ያለቅሳል።"

"ትንሽ ብቻ እማዬ።"

"ትንሽም ቢሆን። ደግሞ በየትኛው እጅሽ?"

እውነቷን ነው፤ ሁለቱም እጆቼ ተይዘዋል። ስልኬ ላይ ልቅዳው ብዬ ሞከርኩ። ቆይቼ ስሰማው "ሴትዮዋ ወደ ገበያው" ካልኩ በኋላ የጎረቤት ሴት "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ትላለች፤ ከዚያ የልጄ ለቅሶ፣ ከዚያ እናቴ "ገንፎው ቀዘቀዘ" ስትል ይሰማል። እሱም ቢሆን ለስልክ ማውራት አልሆንልኝ አለ። የሚያዳምጥ ሰው የሌለው ወሬ አፌ ላይ ይደርቅብኛል።

እንደዚያ ለራሴ ሳወራ ነው አባቴ በመስኮቱ ሥር ሲያልፉ የሰሙኝ። መስኮቱ የእንጨት ነው፤ እናቴ ብርድ ይገባል ብላ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ነው የምትከፍተው፤ በላዩም ነጠላ አንጠልጥላበታለች።

"ልጄ፣ ማንን ነው የምታናግሪ?" አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ሥጋት ነበር። አራስ ብቻዋን ስታወራ ሰው በጎ አያስብም።

"ድርሰቴን ነው አባዬ። እንዳይጠፋብኝ።"

የሄዱ መስሎኝ ነበር። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፤

"ንገሪኝ፤ እኔ ልጻፍልሽ።"

እናቴ ተቃወመች፤ እሳቸው ግን ማውራት ዓይን እንደማያደክም አስረዷት። መጀመሪያ የጻፍኩትን ይዩት ብዬ ዘጠኙን ምዕራፍ በመስኮቱ አቀበልኳቸው። በሦስተኛው ቀን መለሱት። አንድም አስተያየት አልሰጡም፤ የሳቱብኝን ፊደሎች ሁሉ ግን አቃንተውልኛል። ንጉሡን "ሠ"፣ እሳቱን "ሰ"፣ ዓይኑን "ዐ"፤ በየገጹ።

ከዚያ በኋላ ከቅዳሴ መልስ፣ ተማሪዎቻቸው ከመሰብሰባቸው በፊት፣ መስኮቱ ሥር ያለው መደብ ላይ ይቀመጣሉ። እጃቸው ቁም ጽሕፈት የለመደ ስለሆነ ቀስ ብለው፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እያስተካከሉ ነው የሚጽፉት። ይህ ለእኔ ተስማማኝ። ዓረፍተ ነገር እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው እስኪጨርሱ የሚቀጥለውን አስባለሁ። ልጄ ጡት ስትይዝ እናገራለሁ፤ ስታለቅስ ብዕራቸውን አስቀምጠው ይጠብቃሉ። አንዳንዴም ከውጭ ሆነው ዜማ ያንጎራጉሩላታል፤ ዝም ትላለች።

በመጀመሪያው ቀን "በማግሥቱ ዝናብ ወርዶ ጌሾዋን አበሰበሰባት" አልኳቸው።

"ጌሾው ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ጌሾ ነው።"

"ዝናቡስ?"

"ዝናብ ነው አባዬ።"

"ወርቅ የለውም?"

"የለውም። ሰሙ ብቻ ነው።"

"ሰሙን ብቻ ለሰው መስጠት አያሳፍርም?" አሉ። ስስቅ ልጄ ጡቴን ለቃ አለቀሰች፤ የዚያን ዕለት ሥራ በዚሁ አበቃ።

እየቆየ ግን ለመዱት። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ገና "እንዴት አደራችሁ" ሳይሉ በመስኮቱ በኩል "ሰውዬው ተመለሰ?" ይላሉ። ባሏን ማለታቸው ነው። "ገና ነው" ስላቸው ይከፋቸዋል። አንድ ቀን ባልየው የዋለበትን በረሃ ስነግራቸው ብዕራቸውን አቁመው "እንዲያው አንድ ደብዳቤ ቢልክላት ምን አለበት?" አሉኝ። ደብዳቤ አስላክሁት። ያ ደብዳቤ መጽሐፉ ውስጥ አለ፤ የተዋጣለት ክፍል እሱ ይመስለኛል።

ባለቤቴ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ፣ መንገዱ ሰላም ሲሆን፣ ቅዳሜ ይመጣል። አባቴ የጻፉትን እየወሰደ ሞጣ ላይ በኮምፒውተር ይመታዋል። "የአባትሽን ፊደል ስመታ ኮምፒውተሩ ሁሉንም ስሕተት ነው ይለኛል" አለኝ አንድ ቀን።

"አንተስ ምን አልከው?"

"ቄስ ናቸው አልኩት።"

በዚህ ሁኔታ ሦስት ምዕራፍ ተጻፈ። ልጄ ሁለተኛ ወሯን ስታጋምስ መጨረሻው ላይ ደረስን። ያንን የታጠፈውን ሉህ ከሻንጣው አስወጥቼ ማንበብ ጀመርኩ። ምጡ እንደጀመራት፣ ሴቶች እንደተሰበሰቡ፣ ደም እንደበዛ። ጥቂት መስመር እንዳነበብኩ ከውጭ የብዕሩ ድምፅ ቆመ።

"ትሞታለች?" አሉኝ።

"አዎ አባዬ።"

"ይህን አልጽፍም።"

"ምነው?"

"አራስ በር ላይ ተቀምጬ ወላድ አልገድልም።"

ደብተሩን በመስኮቱ አቀብለውኝ ሄዱ። በማግሥቱ አልመጡም፤ በሦስተኛውም ቀን አልመጡም። በግቢው ሲያልፉ እንደ ወትሮው ደኅንነቴንና የልጄን እንቅልፍ ይጠይቃሉ፤ ስለ መጽሐፉ ግን አያነሡም። እናቴ "ምን ብለሻቸው ነው?" አለችኝ። ስነግራት እሷም ፊቷን አዞረች።

ተናድጄ ነበር። የማልቀይረው የታሪኬ መጨረሻ ነው ብዬ ለራሴ ተናገርኩ። በሦስተኛው ቀን እናቴ ወጣ ስትል ልጄን በግራ ክንዴ ይዤ፣ ሉሁን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ ራሴ ልጽፈው አሰብኩ። ያን ጊዜ ነው በደንብ ያነበብኩት። የእኔ ሴት ልትሞት ስትል ረጅም፣ ያማረ ንግግር ታደርጋለች። ለባሏ መልእክት ትልካለች፤ ለሚወለደው ልጅ ስም ታወጣለች። እኔ ራሴ ከተወለደችው ልጄ ጋር እዚያ ተኝቻለሁ፤ በምጥ ሰዓት ከአፌ የወጣው "ውኃ" እና "አልቻልኩም" ብቻ እንደነበር አስታውሳለሁ። የአዋላጇን እጅ ነክሼ እንደነበር በኋላ ነው የተነገረኝ። ያ ያስለቀሰኝ ምዕራፍ ውሸት ነበር። ሳልወልድ ስለ መውለድ፣ ሰው ሳይሞትብኝ ስለ ሞት የጻፍኩት ውሸት። ሉሁን አጥፌ መለስኩት፤ በምትኩ የምጽፈው ግን አልነበረኝም።

በአራተኛው ቀን አባቴ ብዕር ሳይዙ መጥተው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ነጠላውን ገለጥ አድርጌ አየኋቸው። ፊታቸውን ወደ ግቢው አዙረው ነበር።

"ታላቅ እህት ነበረችኝ" አሉኝ።

ይህን አላውቅም ነበር። እናታቸው በልጅነታቸው ስለሞቱ እሷ ናት ያሳደገቻቸው። አግብታ ከወጣች በኋላ እሳቸው ለቅኔ ትምህርት ወደ ደብረ ወርቅ በኩል ሄደው ሳሉ፣ አንድ ቀን ልጠይቃት ብለው ቤቷ ሲደርሱ ምጥ ላይ አገኟት። ሴቶቹ ውስጥ ናቸው። ባሏ ግቢ ውስጥ ይንቆራጠጣል። "አንተ የተማርክ ነህ፤ በሩ ላይ ሆነህ ጸሎት አድርስላት" አሏቸው ሴቶቹ። ደጃፉ ላይ ቆመው ማንበብ ጀመሩ።

"ድምፅዋ ይሰማኛል" አሉ። "ስትጮኽ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ፤ ስትደክም ዝቅ አደርጋለሁ። ከቀትር በኋላ ድምፅዋ ቆመ። ተገላገለች ብዬ ደስ አለኝ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወጥተው በአጠገቤ ያልፋሉ፤ አንዳቸውም አያዩኝም። ማንም አቁም ስላላለኝ ማንበቤን ቀጠልኩ። ሲገንዟትም እያነበብኩ ነበር።"

ልጄ እጄ ላይ ተኝታ ነበር።

"ሕፃኑስ?" አልኩ በመጨረሻ።

"እሱም አልተረፈ።"

ማፈር የሚገባኝ ይመስለኛል፤ ግን ጠየቅኋቸው። "አባዬ፣ ይህን ልጽፈው?"

ተነሥተው አቧራቸውን አራግፈው፣ "ከክርስትናዋ በኋላ" ብለው ሄዱ።

በሰማንያኛው ቀን ልጄ ክርስትና ተነሣች። ባለቤቴ ከዋዜማው መጥቶ ነበር። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ከቤት ወጣሁ፤ ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ፤ እናቴም ይህን አይታ በመጻፌ እንደመጣ ቆጠረችው። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አባቴ ከፊት ከፊታችን ሄደው የእኔን ክፍል በር ከፍተው ገቡ። ዙሪያውን ተመለከቱ።

"ከውጭ ሲያዩት ሰፊ ይመስል ነበር" አሉ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ዘረጉ። ልጄን ስሰጣቸው እንዴት እንደሚይዟት ጠፋቸው፤ እኔን አሳድገዋል፤ ግን እንደዚህ ትንሽ ሳለሁ የያዙኝ አይመስለኝም። ክንዳቸውን አስተካከልኩላቸው። ጢማቸውን ጨበጠች። እንድትለቃቸው አልፈለጉም፤ እንግዶቹ ሁሉ ገብተው እስኪቀመጡ ድረስ እንደዚያው ጎንበስ ብለው ቆዩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት "በይ ብዕርሽን አምጪ" አሉኝ። እናቴ ቆማ አየችን፤ ምንም ሳትል ወጣች። እሳቸው ልጄን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው ነገሩኝ፤ እኔ ጻፍኩ። በሩ ምን ይመስል እንደነበር፣ ባልየው በየትኛው በኩል ይንቆራጠጥ እንደነበር፣ እግራቸው እንዴት እንደደነዘዘ። ለጌሾ ሻጯ ወንድም ሰጠኋት፤ ምዕራፉን ሁሉ ከደጃፉ ላይ፣ በእሱ ጆሮ ጻፍኩት። ሴትዮዋ አንድም ያማረ ቃል አትናገርም። ትሞታለች። አባቴ አትርፊልኝ ብለው አልለመኑኝም። የለመኑኝ አንድ ነገር ብቻ ነው።

"አንድ ሰው አስገቢበት" አሉ። "ወጥቶ ትከሻውን ይዞ 'ይበቃሃል ወንድሜ' የሚለው ሰው።"

ማንን እንደማስገባ ብዙ አሰብኩ። ባሏን ቆላ ትቼው ነበር፤ እሱ ሊሆን አይችልም። አንዲት ስሟ የማይታወቅ ጎረቤት አደረግኋት፤ እጇ እርጥብ ነው፤ ትከሻውን ስትይዘው ነጠላው ይረጥባል። ሳነብላቸው አባቴ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ልጄን አንሥተው ወደ ውጭ ይዘዋት ወጡ፤ ከተማሪዎቹ ጎጆ ዘንድ ለአንዱ ለአንዱ ሲያሳዩአት በመስኮቱ አየሁ።

የወሊድ ፈቃዴ ሲያልቅ ወደ ሞጣ ተመለስን። ሕይወት እንደ ድሮው አልሆነም። ጠዋት ጠዋት የምጽፍበት ሰዓት አሁን የልጄ ነው። አከራያችን ደግ ሴት ናቸው፤ እኔ ሳስተምር ልጄን ይይዙልኛል። በእረፍት ሰዓት ጡት ላጠባ እየሮጥኩ እመጣለሁ፤ ተጣድፌ ስመለስም መንገድ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይመጣልኝና ክፍል እስክገባ በአፌ ይዤው እሄዳለሁ። አንዳንዱ ይተርፋል፤ አብዛኛው ይጠፋል። መጀመሪያ ላይ የጠፋው ያናድደኝ ነበር። አሁን ከቀኑ አንድ ገጽ ካተረፍኩ ደስ ይለኛል፤ ባላተርፍም ልጄ ዳዴ ስትል ማየቱ አለ። ባለቤቴ ቅዳሜ ከሰዓት ልጄን ይዞ ይወጣና በጓደኞቹ ሱቅ ሲዞር ይውላል፤ ያ ሰዓት የእኔ ነው።

መጽሐፉ ገና አልታተመም። ባለቤቴ ተይቦ ሲጨርስ አንድ ቅጂ በወረቀት አውጥተን ጠርዘን ወደ ቢቸና በሚሄድ ሰው ላክንላቸው። ሳምንት ሙሉ ጠበቅሁ። እናቴ በስልክ "መደቡ ላይ ተቀምጠው ያነባሉ፤ ምግብ ስጠራቸው አይሰሙኝም" አለችኝ። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ራሳቸው ደወሉ። አባቴ ስልክ ሲይዙ ሩቅ አገር እንዳለ ሰው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ነው የሚያወሩት።

"አነበብኩት" አሉ።

"እንዴት አገኙት አባዬ?"

የትንፋሻቸው ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

"ልጅቷ ጥርስ አወጣች?" አሉኝ።

"ሁለት አወጣች፤ ከታች።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ። ከዚያ እናቴ ስልኩን ተቀበለቻቸው፤ ሌላ ሌላ ነገር አወራን።